በአባቴ ክንድ የለካሁት ድልድይ

አባቴ ሲባጎውን የሰጡኝ ደብረ ታቦር መናኸሪያ፣ ሾፌሩ ሞተሩን ካስነሳ በኋላ ነው። ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ መናገር ልማዳቸው ነበር። ስለ ድንች ዘር፣ ስለ ጎረቤት አጥር፣ ስለ ዝናቡ ሲያወሩኝ ቆይተው፣ አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል መስኮቱን ደበደቡና አንድ ጥቅል እጄ ላይ አኖሩ። ግንብ ሲሠሩ መስመር የሚያስይዙበት፣ ጭቃ ጠጥቶ የጠነከረ አሮጌ ሲባጎ ነበር። ዘጠኝ ቋጠሮ አለው። ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ አንድ ክንድ ነው፤ የማንም ሰው ክንድ ሳይሆን የእሳቸው፣ ከክርናቸው እስከ መሐል ጣታቸው ጫፍ ያለው።

«በዚህ ለካ» አሉኝ። «በሌላ ሰው ክንድ ለክተህ ብትነግረኝ አይገባኝም።»

የምሠራው በውሃ ነክ መሥሪያ ቤት ነው። ለስድስት ሳምንት ሥልጠና በሜዲትራኒያን ባሕር ዳር ወዳለች የስፔን ከተማ መላኬ ሲሰማ ዘመድ አዝማድ የየራሱን ጠየቀ። ጫማ ያለ አለ፣ ስልክ ያለ አለ፣ «ሞኝ አትሁን፣ እዚያው ቅር» ያለም አልጠፋም። አባቴ የጠየቁት ግን «እዚያ አገር ያረጀ ግንብ አለ?» ብለው ብቻ ነው። ስልኬን ከፍቼ የሮማውያንን ፍርስራሽ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩ፣ አውልቀው አዩ፣ እንደገና አድርገው አዩ። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያለ፣ በድንጋይ ብቻ የተሠራ፣ ሁለት ደርብ ቅስት ያለው ረጅም ድልድይ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ሆኖታል አልኳቸው።

«ምን ያዘው ታዲያ?» አሉ።

አላውቅም አልኳቸው።

«እንግዲያውስ አይተህ ንገረኝ። ሳልሞት ልወቀው።»

ጥያቄው ከየት እንደመጣ ቤታችን ውስጥ የማያውቅ የለም። እኔ ሳልወለድ አባቴና አንድ የሙያ ጓደኛቸው ከጉና ሥር በሚወርድ ወንዝ ላይ የድንጋይ ድልድይ ሠርተው ነበር። አገሬው ድንጋዩን በሸክም አቀረበ፣ ካህናቱ ባረኩት፣ በዓመቱ የነሐሴ ጎርፍ ጠርጎት ሄደ። ሰው አልሞተም፤ አንዲት የጭነት በቅሎ ግን ከነጭነቷ ሄደች። ሁለቱ ጓደኛሞች ከዚያ ወዲህ ስንት ቤት፣ ስንት የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ገንብተዋል፤ ድልድይ ግን አልነኩም። አባቴ በዚያ መንገድ ማለፍ ጭራሽ ትተው፣ ዘመድ ሊጠይቁ ሲሄዱ ግማሽ ቀን ዞረው በሌላ በኩል ነበር የሚሄዱት። ለምን እንደሚዞሩ እያወቅን «ምነው አባባ፣ መንገዱ ይረዝምብዎታል» ማለታችን የልጅነት ክፋት ነበር።

ዓባይ ላይ ያሉት የነገሥታቱ ዘመን ድልድዮች እስከ ዛሬ አሉ። የአገራችን ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል፤ ኖራው በእንቁላል ስለቦካ ነው ይላል። ስንት እንቁላል? ያንን የሚነግር የለም። አባቴ እንቁላሉን ግማሽ ያምኑታል፣ ግማሽ አያምኑትም። «የነሱ ቆመ፣ የኔ ምነው ሄደ?» የሚለውን ግን ጠላ በቀመሱ ቁጥር በፊታቸው ላይ አየው ነበር። በዚያ ዓመት ሳላቸው በርትቶ ስለነበር «ሳልሞት» ያሉትን እንደ ቀልድ አልወሰድኩትም።

ከተማዋ ስደርስ ሙቀቱ እንደ ምጣድ ነው። ጉና ላይ በረዶ ከሚጥልበት ሐምሌ ወጥቼ ሰው እርቃኑን ባሕር ዳር ወደሚተኛበት ሐምሌ ገባሁ። ትምህርቱ እስከ ቀትር ነበር። ከዚያ በኋላ ከየአገሩ የመጡት ሠልጣኞች ፎጣቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው ወደ ባሕሩ ይወርዳሉ፤ እኔ ደግሞ ሲባጎዬን ኪሴ ከትቼ ወደ ድንጋዩ እወጣለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ጠርተውኝ ነበር። ዋና አልችልም ስላቸው ሳቁ፤ ሁለተኛ አልጠሩኝም።

ብቸኝነት ረሃብ መሰለኝ፤ ሰዓት ጠብቆ ይመጣል። የኔ የሚመጣው ከቀትር በኋላ፣ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ ነበር። በጠባቦቹ መንገዶች ላይ የሚሰማው የራሴ ጫማ ብቻ ነው። እኛ ዘንድ አንድ ሰው ሳያውቅህም «እንደምን ዋልክ» ይልሃል፤ ከየት እንደመጣህ፣ የማን ልጅ እንደሆንክ፣ ዝናቡ እናንተ ጋ እንዴት እንደሆነ ይጠይቅሃል። እዚያ ግን ሦስት ቀን ሙሉ በስሜ ሳልጠራ ዋልኩ። አራተኛው ቀን ላይ የመምህሯ የስም ጥሪ ደስ አለኝ፤ ያውም ስሜን አጣማ ጠርታው።

ድንጋዩ ባይኖር ምን እሆን እንደነበር አላውቅም። በአሮጌው ከተማ ዙሪያ የሮማውያን ግንብ ቆሟል። ከሥሩ ያልተጠረበ፣ ዝሆን የሚያህል ቋጥኝ ነው፤ ከላዩ ደግሞ ልቅም ተደርጎ የተጠረበ ድንጋይ ተደርድሯል። ሰዎች ቤታቸውን እሱ ላይ አስደግፈው ሠርተዋል። አንዲት ሴትዮ ልብሷን ከላይ አስጥታ ውሃው በሁለት ሺህ ዓመቱ ግንብ ላይ ሲንጠባጠብ አየሁና ተናደድኩ፤ ከዚያ እኛም በነገሥታቱ ፍርስራሽ ላይ በግ እንደምናስር ትዝ አለኝና ተውኩት። ወደ ባሕሩ ዝቅ ሲሉ ሰውና አውሬ ያታግሉበት የነበረ ክብ መድረክ አለ። መቀመጫው ከአለቱ ተፈልፍሎ ወደ ባሕር ይመለከታል። ከመሐሉ ላይ በኋላ ዘመን የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አለ፤ ክርስቲያኖች እዚያ ተቃጥለው ስለነበር ነው አሉ። እኔም እንደ አቅሚቲ ተሳለምኩ። አብረውኝ የገቡት ጎብኝዎች ፎቶ አነሱኝ።

ፎቶ መነሳቱን ለምጄው ነበር። አንድ ጥቁር ሰውዬ በአሮጌ ገመድ ግንብ ሲለካ ማየት ለካ ትልቅ ትርዒት ነው። ድንጋዩን እለካለሁ፣ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፣ በየሁለት ቀኑ ለአባቴ እደውላለሁ።

«አባባ፣ እንደምን ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ለካህ?»

«አንዱ ቁመቱ አንድ ክንድ ከስንዝር፣ ርዝመቱ ሁለት ክንድ ተኩል ነው።»

«ፊቱስ? ፊቱን እንዴት አድርገው ነው የተዉት?»

«ዳር ዳሩ ተስተካክሏል፤ መሐሉ እንዳበጠ ነው።»

«ብልሆች ናቸው» ይሉና ከሳላቸው ጋር ይታገላሉ። ስልክ ሲያወሩ ይጮኻሉ፤ አገሩ ሩቅ ስለሆነ ድምፅም መራቅ አለበት ይላሉ። አንድ ቀን አንዳንዱ ድንጋይ ላይ እንደ ፊደል ያለ ምልክት መቀረጹን ነገርኳቸው። ጊዜ አልወሰደባቸውም፤ «የግንበኛው ምልክት ነዋ! የማን ሥራ እንደሆነ እንዲታወቅ» አሉኝ። በማግስቱ የግንቡ መግቢያ ላይ ያለውን ጽሑፍ በስልኬ አስተርጉሜ ባነበው እንዳሉት ሆኖ አገኘሁት። አባቴ ከደብረ ታቦር ሳይወጡ ያወቁትን ነገር እኔ ባሕር ተሻግሬ በማረጋገጤ ኮራሁ።

«እንቁላሉንስ ጠየቅህ?» አሉኝ ሌላ ቀን።

አልጠየቅኩም ነበር። ማንን እጠይቃለሁ? በመጨረሻ የክቡን መድረክ በር የሚጠብቁትን ሽማግሌ ተጠጋሁ። ቋንቋቸውን አልችልም፤ እሳቸውም የኔን እንግሊዝኛ አይችሉም። ድንጋዩን አሳየኋቸው፣ በድንጋዮቹ መሐል ያለውን ኖራ አሳየኋቸው፣ ከዚያ እንደ ዶሮ ክንፌን አርገብግቤ በጣቴ እንቁላል ሠራሁ። ሽማግሌው ትክ ብለው አዩኝ፤ አዘኑልኝ መሰል ክንዴን ይዘው ወደ ውጭ አወጡኝና ከመንገዱ ማዶ ያለ ምግብ ቤት አሳዩኝ። ይህን ስነግራቸው አባቴ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከስልኩ ማዶ እኅቴ «በቃዎት አባባ፣ ይታመማሉ» ስትል ይሰማኛል። ድምፃቸውን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

እኅቴ ታላቄ ናት። እናታችን ካረፈች ወዲህ ከአባቴ ጋር የምትኖረው እሷ ነበረች። ከጥቂት ቀን በኋላ ስደውል ስልካቸውን ያነሳችው እሷ ሆነች።

«አባባስ?»

«ጣራ ገዳም ሱባኤ ገቡ። ፍልሰታ አይደል? ስልኩን እኔ ጋ ጥለውት ሄዱ።»

አልደነቀኝም። አባቴ ፍልሰታን ብዙ ጊዜ ጣራ ገዳም ነበር የሚይዙት፤ ከጫካው መሐል ጥግ ይዘው ጥሬ እየቆረጠሙ አሥራ ስድስት ቀን ይቀመጣሉ። ስልክ ይዘው እንደማይገቡም አውቃለሁ። እኔም በዳቦና በወይራ ፍሬ ፍልሰታን እየጾምኩ ነበር። የምነግራቸውን ደብተሬ ላይ ማከማቸት ጀመርኩ። ለቡሄ ደግሞ እኅቴን እንኳን አደረሰሽ ልል ደወልኩ። ቤቱ በሰው ተሞልቷል፤ ሰሐን ይንኳኳል፣ ብዙ ወንዶች ዝግ ባለ ድምፅ ያወራሉ።

«ማን ነው ያለው እትዬ?»

«ቡሄ አይደል? እንግዳ ነው።»

እንኳንስ ለቡሄ፣ ለፋሲካም ቤታችን እንደዚያ ሰው አይሞላም። ነገሩ ለሰሚው ግራ ነበር፤ እኔ ግን መስማት አልፈለግኩም። እንኳን አብሮ አደረሰን አልኩና ዘጋሁ።

ድልድዩን ሆን ብዬ ለመጨረሻ አቆይቼው ነበር። አባቴ ከሱባኤ ሲወጡ ትኩስ ትኩሱን ልነግራቸው ነው። ጾሙ በተፈታ በሁለተኛው ቀን፣ በዕረፍቴ፣ በጠዋት በእግሬ ወጣሁ። መንገዱ ከከተማው ወጥቶ በመኪና ጎዳና ዳር ይሄድና የጥድ ጫካ ውስጥ ይገባል። እዚያ ስገባ አንድ ሽታ አፍንጫዬን ያዘኝ። ጦስኝ ነው! ጉና ላይ በእግራችን የምንረግጠው ጦስኝ። ጎንበስ ብዬ ቆርጬ አሸተትኩ፤ ደስታዬ የልጅ ሆነ። ጥቂት እንደሄድኩ ዛፉ ተከፈተና ድልድዩ ከፊቴ ቆመ።

ከታች አሥራ አንድ፣ ከላይ ሃያ አምስት ቅስት ቆጠርኩ። እንደ በሰለ ስንዴ ያለ ቀለም አለው። ወደ ሥሩ ወርጄ አንዱን ምሰሶ በአባቴ ክንድ ለካሁ፤ ሲባጎው አልበቃ ብሎኝ እያዛወርኩ ለካሁ። ከዚያ ድንጋይና ድንጋይ የተገናኘበትን በጥፍሬ ፈተሽኩ። ጭቃ የለም። ኖራ የለም። ምላጭ አያስገባም። እንዲሁ አንዱ በአንዱ ላይ ተቀምጧል፤ ቅስቱም ግራው በቀኙ ላይ ስለተደገፈ ነው የቆመው። ምንም አልያዘውም፤ የያዘው የራሱ ክብደት ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ለአባቴ ጥሩ መልስ አይደለም። እነሱ ያለ ምንም ማያያዣ ሠርተው ከቆመ፣ የአባቴ ድልድይ መሄድ ይብስ ያሳፍራል። ቁጭ ብዬ ይህን ሳሰላስል ነው ወደ ታች ያየሁት። ከድልድዩ ሥር ወንዝ የለም! ጠባብ ደረቅ ሸለቆ ነው፤ ቁጥቋጦና ጦስኝ የሞላው። ድልድዩ ሰውም አያሻግርም ነበር፤ ውሃ በጫንቃው ተሸክሞ ወደ ከተማ የሚያሻግር ቦይ ነው። የውሃ ሥራ ተማሪ ነኝ ባይ ይህን ቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ፤ ፎቶውን ሳየው ግን የታየኝ የአባቴ ድልድይ ነበር። ሁለት ሺህ ዓመት ሙሉ አንድ የነሐሴ ጎርፍ እንኳ አልገፋውም። እነሱ ውሃውን በላይ አሳለፉት፣ አባቴ ግን በታች ከጉና ከሚወርድ ደራሽ ውሃ ጋር ነው የተጋጠሙት። ውድድሩ መጀመሪያም ትክክል አልነበረም።

ብድግ አልኩ። እንደዚያ ቀን አባቴን ለማናገር ቸኩዬ አላውቅም። ከሠላሳ ዓመት በላይ የተሸከሙትን ነገር በአንድ የስልክ ጥሪ ላወርድላቸው ነው። ደወልኩ። እኅቴ አነሳችው።

«እትዬ፣ አባባ ተመለሱ?»

«አልተመለሱም፣ ወንድምዓለም።»

«ጾሙ ተፈታ አይደል እንዴ?»

«መንገዱም እንደምታውቀው ነው። ደግሞ መነኮሳቱ ለመኗቸውና ቆዩ። ቅጥሩ ፈርሶ እሱን እየገነቡ ነው።»

«እየገነቡ?»

«አታውቃቸውም? ጭቃ አስቦክተው ሥራ ላይ ናቸው።»

አወቅሁት። ነሐሴ ነው። አባቴ ከሰኔ ሚካኤል እስከ መስቀል ጭቃ አያስቦኩም። ድልድያቸው ከሄደ ወዲህ ንጉሥ ቢለምናቸው በክረምት ድንጋይ በድንጋይ ላይ አያስቀምጡም፤ «በክረምት የገነባ ለጎርፍ ገነባ» ይላሉ። እኅቴም በዚህ አባባል ነው ያደገችው። ውሸት የለመደች ሰው ብትሆን ኖሮ ታመው ነው፣ ዘመድ ጥየቃ ሄደው ነው ትለኝ ነበር። ጨንቋት ያገኘችውን ተናገረች፤ ያገኘችው ደግሞ አባቴ በሕይወት ካሉ የማያደርጉት ነገር ሆነ።

«እሺ» አልኳት። «ሲመለሱ ሰላም በይልኝ። ድልድዩን አየሁት በያቸው።»

«እላቸዋለሁ» አለች። ድምፅዋ ቀጠነና ስልኩ ተዘጋ።

ያን ጊዜ «ሞተዋል ወይ?» ብዬ ያልጠየቅኳት ለምን እንደሆነ ከአገሬ ውጭ ላለ ሰው ማስረዳት ይከብደኛል። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ጎህ ሳይቀድ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ የሚነገረውን ሰው መሐል አስገብቶ፣ የሚይዘው እጅ ተዘጋጅቶ ነው። ሩቅ አገር ያለ ሰውማ እስኪመለስ ይደበቅለታል። ብጠይቃት ኖሮ ወይ ትዋሻለች፣ ወይ ወንድሟን በባዕድ አገር በስልክ ያረዳች ሴት ሆና ትቀራለች። ሁለቱንም ልጭንባት አልፈለግኩም።

ከቅስቱ ሥር ጥላ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ለቅሶ ግን ብቻውን የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ ያን ቀን ገባኝ። አንዱ ይይዝሃል፣ አንዱ የሟቹን ደግነት ይጠራልሃል፣ አንዱ ውሃ ያቀብልሃል፤ ሲበዛብህ ደግሞ «በቃህ» የሚልህ ሰው አለ። በቃህ የሚለኝ ስለሌለ መቼ ማቆም እንዳለብኝ አላወቅኩም። ድምፄ ቅስቱን መትቶ ወደኔው ይመለሳል። ውሻ የሚያንሸራሽሩ ባልና ሚስት መጡና በቋንቋቸው አንድ ነገር ጠየቁኝ። በአማርኛ «ጉንፋን ነው» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጢሜን አልላጨሁም። እኛ ወንዶች ሐዘናችን በጢማችን ነው የሚታወቀው፤ እዚያ ግን የሚያነበው ሰው አልነበረም። አንድ ሠልጣኝ ጓደኛዬማ «አማረብህ» አለኝ። ሥልጠናው ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ከቀትር በኋላ ወደ ድንጋዩ መውጣቴን፣ መለካቴን፣ መጻፌን አልተውኩም። ማን ይሰማኛል ብዬ አይደለም፤ እጄ ለምዶ ነው። በየሁለት ቀኑም እደውላለሁ። «ሰላም በይልኝ» እላለሁ፤ «እላቸዋለሁ» ትላለች። ሥራውን ጨረሱ ወይ ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅኳትም። ዝም አይነቅዝም።

የተመለስኩት በጳጉሜ ነው። ከባሕር ዳር የተሳፈርኩበት መኪና ደብረ ታቦር ሲገባ መሽቶ ነበር። እኅቴ በር ላይ ስማ ተቀበለችኝ። ጥቁር እንዳላይባት ነጭ ለብሳለች፤ ከሻሿ ሥር ግን ጸጉሯ ተቆርጧል። አባባ ነገ ይመጣሉ አለችኝ። እሺ አልኳት። ዶሮ ሠርታ አቀረበችልኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላል ያገሬ ሰው፤ እሷም እያወቀች አጎረሰችኝ፣ እኔም እያወቅሁ በላሁ።

ጎህ ሳይቀድ ግቢው በእግር ኮቴ ተሞላ። ሽማግሌዎቹ ገብተው ዙሪያዬን ተቀመጡ፤ አንዱ ጎረቤታችን ትከሻዬን ይዘው «ልጄ፣ አባትህ የሰው ገንዘብ ነበሩ፤ ባለቤቱ ወሰዳቸው» አሉኝ። ሴቶቹ ጮኹ። እኔ ግን እንባ የሚባል ነገር አጣሁ። ያረፉት ነሐሴ በገባ በሁለተኛው ቀን ነው አሉኝ። በልቤ ቆጠርኩ፤ አሥራ ሁለታቸው ቡሄ ላይ ዋለ ማለት ነው። የሰሐኑ ድምፅ እሱ ነበር። ሁሉም ዓይኑን ፊቴ ላይ ጥሎ ጠበቀ። ከኋላ አንዲት ሴት «ፈረንጅ አገር ልቡን አደረቀው» ስትል ሰማኋት። አልፈረድኩባትም፤ ሰው የሚያየውን ነው የሚያወራው።

ነግቶ ግቢው ውስጥ ለቅሶው ሲደራ የአባቴን ጋቢ፣ መዶሻና ቱምቢ አውጥተው አጎዛ ላይ ዘረጉ። እኔም ሲባጎውን ከኪሴ አወጣሁና ከመዶሻው አጠገብ አስቀመጥኩት። ያን ጊዜ አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ። ድልድዩን ከአባቴ ጋር የሠሩት ያ ጓደኛቸው ናቸው። ሲባጎውን አንስተው ሁለቱን ቋጠሮ በራሳቸው ክንድ ላይ ዘረጉት። በሁለት ጣት በለጣቸው።

«ክንዱ ነው» አሉ። «ዕድሜ ልካችንን በዚች ሁለት ጣት ስንጣላ ኖርን።» ከዚያ ወደኔ ጠጋ ብለው፣ ሌላው እንዳይሰማ ዝቅ አድርገው «አባትህ፣ ልጄ አይቶ ይነግረናል ይለኝ ነበር። ምን ያዘው?» አሉኝ።

«ምንም አልያዘውም፣ ጋሼ። እርስ በርሱ ተደጋግፎ ነው።»

«ኖራስ?»

«የለበትም።»

«እንቁላልስ?»

«እንቁላልም የለበትም።» ቀጠልኩና የቀረውን ነገርኳቸው። «ከሥሩም ወንዝ የለም። ደረቅ ሸለቆ ነው። ጎርፍ የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም።»

ሽማግሌው ፊታቸውን አዞሩ።

«ውሃ የለበትም?» አሉ እንደገና።

«ጠብታ የለበትም።»

«ወይ ወንድሜ!» ብለው ጮኹ ወደ ጋቢው ዞረው። «ወይ ወንድሜ፣ ውሃ የለበትም እኮ! ምነው ይህን ሰምተህ ብትሄድ!» ምርኩዛቸውን ጥለው አጎዛው ላይ ተደፉ። እኔም እዚያው አጠገባቸው ወደቅሁና እንባዬ መጣ። ከኋላ እጆች ያዙኝ፣ አንዱ ውሃ አቀበለኝ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ሰው «በቃህ» አለኝ። ተውኩት።

ሰዉ እህል ሊቀምስ ድንኳኑ ሥር ሲገባ እኅቴ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል።

«ብቻህን እንዳታለቅስ ብዬ ነው» አለችኝ። «በሰው አገር ማን ይይዘዋል ብዬ ነው። ተቀየምከኝ?»

«አልተቀየምኩም እትዬ። ደግ አደረግሽ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ማታ በኩራዝ መብራት በደንብ አላየችኝም ነበር፤ አሁን የቀን ብርሃን ነው። እጇ ቀስ ብሎ ወደ አገጬ መጣ። እናታችን ያረፈች ጊዜ ጢሜ እስከ አርባዋ ምን ያህል እንደደረሰ ታውቃለች። ጣቶቿ ጢሜ ውስጥ ገብተው ቆሙ።

«ይሄ ጢም የስንት ቀን ነው?»

«ምላጭ አጥቼ ነው» አልኳት።

«ያን የሚያህል አገር ምላጭ የለውም?»

«የለውም እትዬ።»

እጇን ሳታነሳ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ በኋላ ያለቀሰችው ለአባባ አልነበረም።